ታ ዋፎ ኢሳይ በባንቴላ ገበያ የሰጡት ምስክርነት

ታ ዋፎ ኢሳይ፣ በእኛ ወግ ወንዱን «ታ» ሴቷን «ማ» ብለን እንደምናከብረው፣ ከአባታቸው ከታ ቹምቤ እና ከእናታቸው ከማ ራሔል እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. በባንቴላ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ሠፈር ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ሰው አልነበረም። እናታቸው በቆሎው ሊሰበሰብ ሲል ነው ይሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመት ላይ ሳሉ በየፎርሙ ጥር አንድ ብለው ይሞሉ ነበር። ከአሥራ አንድ ልጆች አራተኛው ናቸው።

በእጃችሁ የያዛችሁት ባለ ቀለም መጽሔት የቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴው ያሳተመው ነው። ሹመታቸው፣ ሜዳሊያቸውና ከውጭ አገር መሪዎች ጋር የተነሷቸው ፎቶግራፎች እዚያ በደንብ ተዘርዝረዋል፤ ውሸት የለበትም። በመካከሉ የገባችውን ነጭ ወረቀት ግን የጻፈችው ሴት ልጃቸው ሩት ማኩጉም ናት። አባቷ አልጋ ላይ ሆነው እንዳዘዟት ጻፈች፤ አሁን የምታነበውም እሷ ናት። የሚያሳፍር ነገር ስላለበት ድምፅዋ ቢሰበር ታግሣችሁ አድምጡ።

የታ ዋፎ አባት ታ ቹምቤ አራሽ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ቡና ለመትከል የፈረንሳዮቹን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ታ ቹምቤ ሳያስፈቅዱ ተከሉ። በ1943 ዓ.ም. ታጣቂዎች መጥተው ፍሬ ሊይዝ የደረሰውን ቡና በገዛ እጃቸው እንዲነቅሉ አደረጓቸው፤ ልጆቹም ተሰልፈው እንዲያዩ ታዘዙ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ባንቴላ ውስጥ የለም። ታ ዋፎ በየምርጫው ይናገሩት ስለነበር አንዳንዶቻችሁ ከእሳቸው አሳምራችሁ ትናገሩታላችሁ። ቢሆንም እውነት ነው፤ ወደ ትግሉ የገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ1940 እስከ 1947 ዓ.ም. በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። እዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር የተቀመጡት ከታ ኤሊ ንጌሞ ጋር ነበር። ሁለቱ በአንድ ደብተር ይጽፉ ነበር፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ታ ኤሊ ተጫዋች ሰው ነበሩ ይባላል። በኋላ አስተማሪ ሆኑ። ታ ዋፎ ግን በ1950 ዓ.ም. ዱዋላ ወርደው በወደቡ መጋዘን የካካዎ ጆንያ መዝጋቢ ሆኑ። ፈረንሳዮቹን የሚታገለውን የነጻነት ድርጅት የተቀላቀሉት እዚያ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ከታ ኤሊ ጋር የባንቴላን ቅርንጫፍ አቋቋሙ። ድርጅቱ ሲታገድም ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ማስተማራቸውን አልተዉም።

በ1956 ዓ.ም. ማ ኖኤሚን አገቡ። ሚዜያቸው ታ ኤሊ ነበሩ። በሠርጉ ቀን ታ ኤሊ የቢራ ክዳን በጥርሳቸው እከፍታለሁ ብለው የፊት ጥርሳቸውን ሸረፉ። ማ ኖኤሚ እስከ ዛሬ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። በዓመቱ ሁለቱም ጫካ ገቡ።

በጫካ አራት ዓመት ተዋጉ። ታ ዋፎ ጥሩ የጦር መሪ እንደነበሩ አብረዋቸው የነበሩ ሁሉ መስክረዋል። ተርበዋል፤ ቆስለዋል፤ የሕዝብ እህል በጉልበት የቀማ ታጋይ ሲያገኙ ቀጥተዋል። ልጃቸው ከዚህ ላይ የምትቀንሰው ነገር የላትም። በ1960 ዓ.ም. ነጻነት ታወጀ፤ ባንዲራው ተቀየረ፤ የሚተኩሱብን ግን በአዲሱ መንግሥት ስም ያው የፈረንሳዮቹ ወታደሮች ነበሩ። ስለዚህ ጦርነቱ ቀጠለ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ወንዙን ሲሻገሩ ታ ኤሊ ጭናቸውን ተመቱ። ታ ዋፎ ጓደኛቸውን በጀርባቸው አዝለው ሙሉ ቀን ተጓዙና ሚስዮኖቹ ትተውት የሄዱት ጡብ ማምረቻ ደረሱ። በዚያ የፈረሰ የጡብ ማቃጠያ ምድጃ ነበር። ታ ኤሊን እዚያ ውስጥ አስተኟቸው። አንድ ቅል ውኃ፣ የተጠበሰ ሙዝና አራት ራስ ጎደሬ አጠገባቸው አኖሩ።

«መድኃኒት ይዤ በሦስት ቀን እመለሳለሁ» አሏቸው።

«ብትቆይ መዝፈን እጀምራለሁ» አሉ ታ ኤሊ። «አንተ ደግሞ ዘፈኔን ስለማትችለው ሮጠህ ትመጣለህ።»

«አፍህን ዝጋና ተኛ።»

«ሚስቴ ወንድ ከወለደች ሲሞ በሉት። ሴት ከሆነች ራሷ ትምረጥ።»

ታ ዋፎ በማግስቱ ኬላ ላይ ተያዙ። ባንቴላ ወዳለው የወታደር ካምፕ ወሰዷቸው። በዚያ ሳምንት የተገደሉ ሰዎች ራስ በገበያው መግቢያ በእንጨት ላይ ይደረግ ነበር፤ የዕድሜ ባለጠጎች ታስታውሱታላችሁ። ጥር 6 ቀን 1961 ዓ.ም. የገበያ ቀን ነበር። ወታደሮቹ ሕዝቡን ሰብስበው ታ ዋፎን ከአንድ ራስ ፊት አቆሟቸው። ፊቱ አብጦ ነበር። መቶ አለቃው ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ጠየቃቸው።

«ይህ ኤሊ ንጌሞ ነው?»

ታ ዋፎ አዩት። ከንፈሩ ተከፍቶ ነበርና የፊት ጥርሱ ሙሉ መሆኑን አዩ። የማያውቁት ሰው ነው። እሱ ነው ካሉ ፍለጋው ይቆማል፤ ኤሊም ይተርፋል ብለው አሰቡ። ይህን ለልጃቸው ሲነግሩ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን ሳትፈሪ ጻፊው። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ።»

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ፤ ሁሉም ሰማ።

የዚህን ጊዜ የታ ኤሊ እናት ማ ጁኩዎ ከሰዉ መካከል ወጡ። የትከሻ ጨርቃቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉ። «የልጄን ራስ ስጡኝ። አንገቱን ቆርጣችሁ ጨርሳችኋል፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግላችኋል?» አሉ። መቶ አለቃው ጉዳዩ ተዘጋ ብሎ ሰጣቸው። ማ ጁኩዎ ጠቅልለው፣ አቅፈው፣ እያለቀሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በወጉ ቀበሩት።

ታ ዋፎ ያሉት ሠርቶላቸዋል፤ ፍለጋው ቆመ። እሳቸው ግን አልተለቀቁም። በመኪና ላይ አውጥተው ድምፅ ማጉያ ሰጧቸውና በየመንደሩ እያዞሩ ታጋዮቹን እንዲጠሩ አደረጓቸው። መኪናው በጡብ ማምረቻው አጠገብ አራት ጊዜ አልፏል። አራቱንም ጊዜ ታ ዋፎ ተናግረዋል። ቃላቸውን ለልጃቸው ደግመውላታል፤ «ወንድሞች፣ እኔ ዋፎ ነኝ። ውጡ። ኤሊ ንጌሞ ሞቷል። ከእንግዲህ የሚጠብቃችሁ የለም» ነበር ያሉት። ታ ኤሊ በምድጃው ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር ወይ ብላ ልጃቸው ጠየቀቻቸው። ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነበር ብለው መለሱላት።

ከተያዙ ጀምሮ ለዐሥራ ሦስት ቀን ጠባቂ ከጎናቸው አልተለየም። በዐሥራ አራተኛው ቀን ጠባቂው ተነሣ፤ የመንቀሳቀሻ ወረቀት፣ ጫማና አልጋ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ማንም ሳይከለክላቸው ካምፑ ውስጥ ቆዩ። ይህን ሩት እንዳትዘለው ሁለት ጊዜ አስምለዋታል። ለምን አልሄዱም? ታ ዋፎ ብዙ ምክንያት ደርድረው ነበር፤ ሊከተሉኝ ይችላሉ፣ ወጥመድ ይሆናል፣ እግሬ አብጦ ነበር። በመጨረሻ ግን ሁሉንም ትተው «ፈራሁ። አልጋውም ሞቀኝ» አሉ።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ሄዱ። ታ ኤሊን ያገኟቸው በምድጃው ውስጥ አይደለም። በክንዳቸው እየተሳቡ ወጥተው ወደ መንገዱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ሄደው ነበር። ከሞቱ ሁለት ቀን አይሆናቸውም። ታ ዋፎ በእጃቸውና በጡብ ስባሪ ቆፍረው እዚያው ቀበሯቸው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደራረቡባቸው። አላለቀሱም፤ ራሳቸውን አልተላጩም፤ ለማንም አልተናገሩም። የታ ኤሊ ሚስት በሚያዝያ ወር ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙ ሲሞ ይባል ብለው ያወጡት ታ ዋፎ ናቸው፤ እንዴት እንዳወቁት የጠየቃቸው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጽሔቱ ይነግራችኋል። በ1963 ዓ.ም. የአውራጃ ሹም፣ በ1965 የሕዝብ እንደራሴ፣ ከ1971 እስከ 1982 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ሚኒስትር ሆኑ። የባንቴላን የቧንቧ ውኃና የሴቶች ትምህርት ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው። መንግሥት ያመናቸው ግን መጀመሪያ በዚያ የገበያ ቀን ምስክርነታቸው ነበር። በሬዲዮ «የአመፁን መጨረሻ ያበሠሩ አርቆ አሳቢ» ሲባሉ ሬዲዮውን ይዘጉት ነበር። እኛ ልጆቹ ትሕትና ይመስለን ነበር፤ ለእንግዳም እናወራላቸው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ማ ጁኩዎ የቀበሩትን ራስ፣ የሟች ራስ ከዓመታት በኋላ ከመቃብር ወጥቶ በቤት በሚቀመጥበት ወጋችን አስወጥተው፣ አጥበው፣ በሸክላ አድርገው ከባላቸው ራስ አጠገብ አኖሩት። የቤቱ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር፣ እርሻ ሲበላሽ ዘይትና ጨው ይቀርብለታል፤ ይለመናል። በዚያ ቀን የክብር እንግዳ ታ ዋፎ ነበሩ። ዘይቱን መጀመሪያ ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው። ራሱ የታ ኤሊ እንዳልሆነ እያወቁ፣ አንድ የማያውቁትን ምስኪን «ወንድሜ ኤሊ» ብለው ጠሩት።

ከዋና ከተማው በመጡ ቁጥር ማ ጁኩዎን ሳይጠይቁ አይመለሱም ነበር። ማ ጁኩዎም ጎደሬ በቢጫ መረቅ ይሠሩላቸውና ሁልጊዜ ሦስት ሳህን ያቀርቡ ነበር፤ አንዱን ይከድኑታል። ታ ዋፎ የተከደነው ለሞተው ልጃቸው መታሰቢያ ይመስላቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የአስፋልቱ መንገድ ሲቀየስ መስመሩ ቀጥ ብሎ በጡብ ማምረቻው ላይ ያልፍ ነበር። ታ ዋፎ ካርታውን አስመጥተው በቀይ እርሳስ አጠማዘዙት። መሐንዲሱ «ክቡር ሚኒስትር፣ እዚያ እኮ ምንም የለም፤ የፈረሰ ምድጃ ነው» አላቸው። «መሬቱ ይሰምጣል» አሉት። ዛሬ ጠዋት የመጣችሁበትን፣ የሚኒስትሩ ክርን እያላችሁ የምትቀልዱበትን መታጠፊያ ያወጣው ይህ ነው። የራሱን እርሻ ሊያተርፍ ነው ተብለው ሲታሙም ዝም አሉ። ሐሜቱ ከእውነቱ ይሻል ነበርና ተመቻቸው።

በ1984 ዓ.ም. ማ ጁኩዎ በጠና ታመሙና ታ ዋፎን አስጠሩ። ሰዎቹን ሁሉ ከቤት አስወጥተው እጃቸውን ያዟቸው።

«ዋፎ፣ አሁንስ ልሄድ ነው። ልጄን የት ነው የደበቅከው?»

«ማ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«አትሞኝብኝ። ያን ራስ አቅፌው ስሄድ አይቼዋለሁ። የኔ ልጅ ጥርሱ የተሸረፈ ነው፤ ሠርግህ ላይ። ያኛው ሙሉ ጥርስ ነበረው። የወለድኩትን አፍ የማላውቅ ይመስልሃል? አንተ ‹እሱ ነው› ስትል ጊዜ ገባኝ። ይህ ልጅ ኤሊን ሊያተርፍልኝ ነው አልኩ። እኔም አልቅሼ ተቀበልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ምስጢርህን ጠብቄልሃለሁ፤ ለምራቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ሳህኑን ከድኜ አኖርኩ። ምናልባት ከኋላህ ተደብቆ ይገባ ይሆናል እያልኩ።»

ማ ጁኩዎ የያዙትን እጅ ሳይለቁ ቀጠሉ።

«ጋና ነው አይደል? ያኔ ብዙዎቹ ወደዚያ አልሄዱ? ብቻ ይህን ንገረኝ፤ ይበላል?»

«ይበላል፣ ማ።»

«ሌላ አገባ?»

«አግብቷል።»

«ልጆችስ?»

«ሦስት» አሉ ታ ዋፎ።

ማ ጁኩዎ በደስታ አለቀሱ። ታ ዋፎን ጭንቅላታቸውን ይዘው መረቋቸው፤ ዘርህ ይብዛ፣ ቤትህ አይጉደል አሏቸው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ግን ዛሬ እዚህ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጡትን የልጅ ልጃቸውን ሲሞ ንጌሞን ጠርተው ምስጢሩን አወረሷቸው። አባትህ በሕይወት አለ፤ ጋና ነው፤ ሦስት ወንድሞችና እኅቶች አሉህ፤ ዋፎ ያውቃል አሏቸው።

ታ ዋፎ በምርቃቱ ነው የተሰበሩት። ከዚያ ዓመት ወዲህ በማንም ሰው ቤት ዘይት አፍስሰው አያውቁም። ሰው መርቁን ሲላቸው ይሸሹ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ጤናን ምክንያት አድርገው ከመንግሥት ሥራ ወጡና ባንቴላ ገቡ። መጽሔቱ «ለትውልድ ቦታቸው በነበራቸው ፍቅር» ይላል። ይሁን።

ወንድማችን ሲሞ በ1991 ዓ.ም. መኪናቸውን አቁመው ጋና ሄዱ። ኩማሲ ላይ አራት ወር ቆይተው፣ ያገኙትን የአገራችንን ሰው ሁሉ ጠይቀው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት አድራሻ ፍለጋ ወደ ታ ዋፎ መጥተው ነበር። ታ ዋፎ «ተዛውሯል፤ ሲጽፍልኝ እነግርሃለሁ» አሏቸው። ሲሞ ጨዋ ሰው ናቸውና ደግመው አላስጨነቋቸውም። በየዓመቱ መጨረሻ ለሽማግሌ የሚሰጠውን የኮላ ፍሬ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ስለ አባታቸው አይጠይቁም፤ ትንሽ ቁጭ ብለው ያዩአቸውና ይሄዳሉ።

ሲሞ የሚሠሩትን ሥራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ መስመር ሰው ያመላልሳሉ። አንድ ቀን ታ ዋፎን ከገበያ ሲመልሷቸው እንዲህ ብለው ቀለዱ፦

«ታ፣ አይቀየሙኝና ያችን መታጠፊያ ለምን ሠሯት? ጎማዬን ጨረሰችው እኮ። በቀን ሁለቴ እረግማታለሁ።»

«ምን ብለህ ነው የምትረግማት?»

«እሱንስ ለሽማግሌ አይነገርም።»

ታ ዋፎ ሳቁ። ቤት ገብተው ግን ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሱም። ማ ኖኤሚ ወባ ነው ብለው ቅጠል ቀቀሉላቸው።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ዋና ከተማው ሄደው ሆስፒታል ተኙ። ከልጆቻቸው መካከል ሩትን ጠርተው ይህን ሁሉ በስድስት ቀን ነገሯት። አስተማሪ ስለሆነች ነው የመረጧት እንጂ ስለሚወዷት አይደለም፤ ይህን ራሳቸው ብለዋታል። «አንቺ ቀይ እስክሪብቶ ትችያለሽ» አሏት። እንድታነበው ያዘዟትም በዚህ በገበያው ቦታ ነው። ምክንያታቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ በገበያ ፊት የተሰጠ ምስክርነት በጓዳ አይነሣም። የሰማው ሕዝብ እየሰማ ነው የሚነሣው። በሕይወት እያሉ ቆመው ሊያነሡት ሃምሳ ሁለት ዓመት ነበራቸው፤ አልቻሉም።

ታ ዋፎ የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ቤተሰቡ ይህ ወረቀት ይነበብ አይነበብ በሚለው ላይ ለሦስት ቀን ተጣልቷል፤ ያንንም መደበቅ አያስፈልግም። የሟች ታናሽ ወንድም ታ ሌዮን «በአስከሬን ላይ ቆሻሻ አይደፋም። ከመንግሥት የተላከው ሰውዬ ከፊት ተቀምጦ! ወንድሜን ሁለቴ ልትቀብሩት ነው?» አሉ። ከልጆቹም መካከል አብዛኞቹ ከሳቸው ጋር ነበሩ። ሩትም ብትሆን ደግማ ደጋግማ ልተወው ብላ አስባለች። ክርክሩን የቋጩት ማ ኖኤሚ ናቸው።

«ሌዮን፣ አንተ መጽሔትህን አንብብ፤ ልጄ ደግሞ ወረቀቷን ታነባለች። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ አጠገቡ የተኛሁት እኔ ነኝ። እኔን የጠላኝ መስሎኝ ነበር። መነበቡ ልጅነቴን ይመልስልኛል? አይመልስልኝም። ይነበብ።»

ለሲሞ ለብቻቸው ለምን ቀድሞ አልተነገራቸውም የሚል ቢኖር ጥፋቱ የሩት ነው። አስከሬኑን ከዋና ከተማው ያመጡት ሲሞ በገዛ መኪናቸው ነበር፤ የነዳጅ እንኳ አልቀበልም ብለው። ሩት ስድስት ሰዓት ሙሉ ከፊት፣ ከጎናቸው ተቀምጣለች። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሲሞ ፍጥነት ቀንሰው «አባትሽ ለኔ የተወው ነገር የለም? ቁራጭ ወረቀትም ብትሆን። አድራሻ ነገር» ብለው ጠየቋት። የሚናገሩበት ቦታ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። እሷ ግን «ነገ ይነበባል» አለቻቸው፤ መስኮቱን አየች። ሲሞም ደስ ብሏቸው ፉጨት ጀመሩ። እንግዲህ ሩት አባቷን የመሰለች ልጅ ናት፤ ያፈረችውም በአባቷ ብቻ አይደለም።

ወንድማችን ሲሞ፣ አባትዎ ጋና አልሄዱም። ሌላ ሚስት አላገቡም፤ ወንድሞችና እኅቶችም የሉዎትም። አድራሻው ይህ ነው፦ ከመታጠፊያው በስተ ግራ፣ ከፈረሰው ምድጃ አፍ ወደ አሮጌው መንገድ ዐሥራ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ሥር። ሃያ ስድስት ዓመት በቀን ሁለቴ ሲያልፉ አባትዎ እዚያው ነበሩ። በቤትዎ በሸክላው ያለው ራስ የእሳቸው አይደለም። አያትዎ ያውቁ ነበር፤ ያቀፉትም የሰው ልጅ ሜዳ ላይ አይቅር ብለው ጭምር ይመስለናል። በ1961 ዓ.ም. በጥር መጀመሪያ ሰው የጠፋበት ቤተሰብ እዚህ ካለ፣ የእናንተ ሰው በማ ጁኩዎ ቤት በክብር ተቀምጧል፤ ሳይራብ፣ ሳይጠማ ኖሯል፤ መጥታችሁ ጠይቁ። ታ ዋፎ ማንነቱን ለማጣራት ሥልጣኑ ነበራቸው፤ አልጠየቁም።

ታ ዋፎ ሁለት ነገር ተናዝዘዋል። አንደኛው፣ የታ ኤሊ ራስ በእናታቸው አጠገብ እስኪቀመጥ ድረስ የእሳቸውን ራስ ወራሻቸው ከመቃብር እንዳያወጣው ነው። ዘይት አይፈስላቸውም፤ ስማቸው ተጠርቶ አይለመንም። ወራሻቸው ጀስቲን ይህን ለመፈጸም ምሏል። ሁለተኛው ለታ ኤሊ ቤተሰብ የይቅርታ ቃል ነበር። ሩት እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ጠበቀች። ብዙ ጊዜ ጀመሩት፤ ቃሉ አልመጣላቸውም። ስለዚህ እዚህ ላይ የምታነበው የላትም።

ታ ዋፎ ከባለቤታቸው ከማ ኖኤሚ ስድስት ልጆችና ዐሥራ ዘጠኝ የልጅ ልጆች አፍርተዋል። ወንድማቸው ታ ሌዮንም አሉ። ሁላችንም ስለ እሳቸው እናዝናለን፤ ሁላችንም እንወዳቸዋለን፤ ይህም ከእፍረቱ አላዳነንም።

እግዚአብሔር የታ ኤሊ ንጌሞን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ። ስሙን የማናውቀውን ሰውም ነፍስ ያሳርፍ። ማ ጁኩዎን ከልጃቸው ጋር ያገናኝ። የታ ዋፎ ኢሳይን ነፍስ ደግሞ ከእነዚህ ሦስቱ ቀጥሎ፣ ከቻለ፣ ይማር።

ልማዳችን ሟቹ ሳይቀበር ከአደባባይ መነሣትን ይከለክላል። ዛሬ ግን ወንድማችን ሲሞ፣ ተነሥተው ወደ መታጠፊያው ቢሄዱ ማንም አይቀየምዎትም። አካፋዎቹ ለአባታችን ከተቆፈረው ጉድጓድ ጎን ናቸው፤ ይውሰዷቸው። እርስዎ እስኪመለሱ አባታችን ይቆያሉ።